ጠበቃዋ ያልጠጣችው ውሃ፦ «ኤሪን ብሮኮቪች» ፊልም በሳይንስ ሚዛን

ሁለት የጠበቆች ቡድን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ውሃ የተሞላ ብርጭቆ አለ። የትልቁ ኩባንያ ጠበቃ ብርጭቆውን አንስታ ወደ አፏ ልታስጠጋው ስትል፣ ከወዲያ በኩል ያለችው ሴት አንድ ነገር ትነግራታለች፦ ውሃው የመጣው ክስ ካቀረበችው ከተማ ጉድጓድ ነው። ጠበቃዋ ብርጭቆውን ሳትቀምስ መልሳ ታስቀምጠዋለች።

ይህ ትዕይንት ስቲቨን ሶደርበርግ በ2000 ያወጣው «ኤሪን ብሮኮቪች» ፊልም ውስጥ ይገኛል (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጁሊያ ሮበርትስ በዚህ ሥራዋ የምርጥ ተዋናይት ኦስካር ተሸልማለች። ታሪኩ ከእውነተኛ ሁኔታ የተወሰደ ነው፤ ከተማዋም፣ ኩባንያውም፣ የተበከለው ውሃም አሉ። የሕግ ትምህርት የሌላት፣ ሦስት ልጆች ለብቻዋ የምታሳድግ ሴት አንድ ግዙፍ ኩባንያን ስትጥል ማየት ደግሞ ልብ ያሞቃል።

ፊልሙን ወድጄዋለሁ። ግን ሁለት ጥያቄዎችን አንድ አድርጎ ያሳየናል። አንደኛው «ውሃው ተበክሏል ወይ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «እኚህን ሰው ያሳመማቸው ይህ ውሃ ነው ወይ?» የሚለው። ለመጀመሪያው የሚሰጠው መልስ ጠንካራ ነው። ለሁለተኛው ግን ሳይንስ ሳይሆን እንባ ነው የሚመልስልን።

ሂንክሊ ምን ሆነች?

ሂንክሊ በካሊፎርኒያ፣ በሞሃቪ በረሃ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ነች። ነዋሪዎቿ የሚጠጡት ከየግቢያቸው ከተቆፈረ ጉድጓድ ነበር። ፒጂ ኤንድ ኢ የተባለው የጋዝና የኤሌክትሪክ ኩባንያ እዚያ የጋዝ መጭመቂያ ጣቢያ ነበረው። ጋዝ ሲጨመቅ ይሞቃል፤ ስለዚህ በውሃ መቀዝቀዝ አለበት። ውሃው ደግሞ ብረቱን ያዝገዋል። ኩባንያው ዝገቱን ለመከላከል ከ1952 እስከ 1966 ድረስ ክሮሚየም ስድስት የተባለ ንጥረ ነገር ከውሃው ጋር ይቀላቅል ነበር።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ያገለገለው ውሃ ግርጌው ወዳልተሸፈነ ኩሬ ይለቀቅ ነበር። በረሃ ላይ፣ አሸዋ ላይ! ውሃው ቀስ እያለ ሰርጎ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተቀላቀለ። ኩባንያው ነገሩን ለመንግሥት ያሳወቀው በ1987 ነው። ያኔ በአንድ ጉድጓድ የተለካው መጠን በሊትር 580 ማይክሮግራም ነበር። ግዛቱ የሚፈቅደው ደግሞ 50 ማይክሮግራም። ከአሥር እጥፍ በላይ ማለት ነው።

ፊልሙ ይህንን ክፍል አሳምሮ ሠርቶታል። ኤሪን ወደ ውሃ ቦርዱ መዝገብ ቤት ገብታ አቧራ የጠጣ ወረቀት ስታገላብጥ፣ ከኩሬውና ከጉድጓዱ ናሙና ስትቀዳ እናያለን። ይህ የሳይንስ ሥራ ነው፦ ቁጥር መፈለግ፣ ቀን ማመሳከር፣ ናሙና መውሰድ።

ሁለቱ ክሮሚየሞች

የፊልሙ ምርጥ የሳይንስ ትምህርት በአንዲት እናት ሳሎን ውስጥ ነው የሚሰጠው። እናትየዋ ኩባንያው ስለ ክሮሚየም እንደነገራቸው፣ ለጤናም ጥሩ ነው እንዳላቸው ታወራለች። ኤሪን ታቋርጣታለች፦ ክሮሚየም እኮ አንድ ዓይነት አይደለም! እናትየዋ ነገሩ ሲገባት ብድግ ብላ ትወጣና በመዋኛ ገንዳ የሚጫወቱ ልጆቿን እየጮኸች ታስወጣለች።

እዚህ ላይ ፊልሙ ትክክል ነው። ክሮሚየም ሦስት ወደ ህዋሳችን ለመግባት ይቸገራል። ክሮሚየም ስድስት ግን ቅርጹ ሰውነታችን የሚፈልገውን ሰልፌት ይመስላል። ህዋሱም ተታሎ በሩን ይከፍትለታል። ከገባ በኋላ ወደ ክሮሚየም ሦስት እየተቀየረ ይሄዳል፤ በዚህ ሂደት ዲኤንኤን ሊጎዳ ይችላል። ስሙ አንድ፣ ጠባዩ ግን ሌላ። ስለዚህ አንድ ሰው «ክሮሚየም ተፈጥሯዊ ነው» ብሎ ሊያረጋጋችሁ ቢሞክር፣ «የትኛው ክሮሚየም?» ብላችሁ ጠይቁት።

ፊልሙ የዘለለው ግን አለ። ክሮሚየም ስድስት የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ በደንብ የታወቀው በፋብሪካ ውስጥ በአየር ሲስቡት ከኖሩ ሠራተኞች ነው። ሲጠጣስ? ጨጓራችን አሲድ አለው፤ አሲዱ ክሮሚየም ስድስትን ወደ ሦስት ይቀይረዋል። ሁሉንም ይቀይረዋል ወይስ የተወሰነው ያመልጣል? የሳይንቲስቶቹ ክርክር ለብዙ ዓመታት እዚህ ላይ ነበር። በአሜሪካ መንግሥት ፕሮግራም የተሠራና በ2008 የታተመ ጥናት፣ ለሁለት ዓመት በውሃ የተሰጣቸው አይጦች በአፍና በትንሹ አንጀት ላይ ዕጢ እንዳወጡ አሳየ። የተሰጣቸው መጠን ግን ከሂንክሊው በእጅጉ የበለጠ ነበር። ፊልሙ ከዚህ ጥናት ስምንት ዓመት ቀድሟልና ይህን ባያውቅ አንወቅሰውም። የምንወቅሰው ክርክሩ ራሱ እንዳልነበረ በማስመሰሉ ነው።

ዝርዝር ማስረጃ ይሆናል?

ብዙ ሰው የሚወደው ሌላ ትዕይንት አለ። አንዲት ጠበቃ የኤሪን መረጃ የጎደለው እንደሆነ ስትናገር፣ ኤሪን የቤተሰቦቹን ስልክ ቁጥርና ሕመም ከነልጆቻቸው በቃሏ ትዘረዝራለች። ተመልካቹ ያጨበጭባል። እኔም ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ሰዎቹን እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ሰው አውቃቸዋለች።

ነገር ግን ረጅም የሕመምተኞች ዝርዝር ብቻውን ምን ያረጋግጣል? እስቲ እናስላው። በአሜሪካ ከ10 ሰዎች ወደ 4 የሚጠጉት በሕይወት ዘመናቸው የሆነ ዓይነት ካንሰር ይታወቅባቸዋል። ስለዚህ ውሃቸው ንጹሕ የሆነ 600 ሰዎች ብትሰበስቡ፣ ከእነሱ ወደ 240 የሚሆኑት አንድ ቀን ካንሰር ይይዛቸዋል። የእነሱን ስም ብቻ ብትዘረዝሩ አስፈሪ ዝርዝር ይወጣችኋል። ጥያቄው «ስንት ሰው ታመመ?» አይደለም፤ «ከሚጠበቀው በላይ ታመመ ወይ?» ነው።

ይህን ያጣራ አለ። የካሊፎርኒያ የካንሰር መዝገብ ከ1996 እስከ 2008 በአካባቢው የተመዘገቡትን ካንሰሮች ቆጠረ። የሚጠበቀው 224 ነበር፤ የተገኘው 196።

እዚህ ላይ «እንግዲህ ሴትዮዋ ዋሽታለች» ብሎ ፊልሙን የሚዘጋ ሰው አይጠፋም። ቆይ፣ አትቸኩሉ። ይህ ቆጠራ የራሱ ጉድለት አለው። የተቆጠረው ቀጠና ብክለቱ ከደረሰበት የሰፋ ስለሆነ፣ ያንን ውሃ ቀምሰው የማያውቁ ሰዎችም ተካተዋል። ከ1996 በፊት የሞቱና ከተማዋን ለቀው የሄዱ አልገቡም። የተቆጠረው ካንሰር ብቻ ነው፤ ሌላ ሕመም አልታየም። በትንሽ ከተማ ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ትንሽ ስለሆነ፣ እውነተኛ ጉዳት ቢኖርም ሊደበቅ ይችላል።

«አልተረጋገጠም» ሲባል

የፊልሙ ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ነዋሪዎቹ እንዲታመኑ እያንዳንዱ ሕመማቸው ከውሃው መምጣት አለበት ብሎ ያሰበ ይመስላል። የአፍንጫ መድማቱም፣ ውርጃውም፣ ካንሰሩም ሁሉ የአንድ ንጥረ ነገር ሥራ ሆኖ ይቀርባል። ይህ አቀራረብ ነዋሪዎቹን ራሳቸውን ይጎዳል። ነገ አንዱ ሕመም ከውሃው እንዳልመጣ ቢታወቅ፣ ኩባንያው «አያችሁ፣ ሁሉም ውሸት ነው» ለማለት በር ያገኛል።

ሳይንስ ግን ይህን ያህል እንዲያረጋግጡ አይጠይቃቸውም። ጎረቤትህ ጉድጓድህ ውስጥ ያለፈቃድህ መርዝ ከጨመረ፣ ጥፋቱን ለማሳየት መጀመሪያ ልጅህ መታመም የለበትም። 580 የሚለው ቁጥር ብቻውን በቂ ክስ ነው። የውሃ ደረጃ የሚወጣው ሬሳ ከመቆጠሩ በፊት ሰውን ለመጠበቅ ነው።

ብርጭቆውም እንደዚያው። አንድ ብርጭቆ የሂንክሊ ውሃ ጠበቃዋን የሚያሳምማት አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ንጥረ ነገር የሚያስፈራው በመጠኑና በዓመቱ ብዛት ነው፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? ስለዚህ ትዕይንቱ ስለ መርዝ ብዙም አያስተምረንም። ጠበቃዋ «ደህና ነው» ያለችውን ራሷ እንዳላመነችበት ግን ያሳብቅባታል።

ጉዳዩ በ1996 የተቋጨው ኩባንያው ከ600 በላይ ለሆኑ ከሳሾች 333 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ነው። ይህ የሁለት ወገኖች ስምምነት እንጂ የሳይንስ ፍርድ አይደለም። ፊልሙ በቼክና በፈገግታ ያልቃል። ብክለቱ ግን ቼክ ስለተጻፈ ከመሬት አልወጣም። ኩባንያው ቤቶች እየገዛ፣ ሰው እየለቀቀ፣ ትምህርት ቤቷ በ2013 ተዘጋ። ካሊፎርኒያም ለክሮሚየም ስድስት ለብቻው 10 ማይክሮግራም የሚል ጣሪያ በ2014 አወጣች፤ በ2017 ፍርድ ቤት ሻረው፤ በ2024 እንደገና ጸደቀ። ይህ ሁሉ በፊልሙ የለም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

«ይህ የአሜሪካ ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። የእኛን ስምጥ ሸለቆ አስቡ። በዚያ ባሉ ብዙ ትናንሽ ከተሞች የከርሰ ምድር ውሃው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የወጣ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ማንም ኩባንያ አልጨመረውም፤ ግን የልጆችን ጥርስ ያቀልማል፣ ሲበዛና ዓመታት ሲቆይ አጥንትን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው።

ቤት ውስጥ የምናውቀው መከላከያ ምንድን ነው? ማፍላት፣ ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ክሎሪን መጨመር። ሁለቱም ጀርም ይገድላሉ፤ አትተዉአቸው። ነገር ግን ፍሎራይድም ሆነ ክሮሚየም ጀርም አይደለም፤ የሚሞት ነገር የለውም። እንዲያውም 2 ሚሊግራም ፍሎራይድ ያለበትን አንድ ሊትር ውሃ ግማሹ እስኪተን ብታፈሉት፣ የቀረው ውሃ በሊትር 4 ሚሊግራም ይሆናል። ውሃው ይተናል፣ ፍሎራይዱ ይቀራል። በዓይን ጥርት ማለቱም፣ ጣዕሙ መልካም መሆኑም ምንም አይነግረንም።

ፊልሙን ያላያችሁ እዩት፤ ያያችሁም ድገሙት። ስታዩ ግን እንባ የሚያስመጣውን ትዕይንት ለጊዜው አቆዩትና፣ ኤሪን ጭቃ ውስጥ ገብታ ናሙና ስትቀዳ ያለውን ልብ በሉ። ከዚያ የሰፈራችሁ ውሃ ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ። ከጉድጓድ ከሆነ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ተመረመረ? ለጀርም ብቻ ነው ወይስ ለተሟሟ ንጥረ ነገርም? ውጤቱስ የት ተጽፏል? መልሱን የሚያውቅ ሰው ከጠፋ፣ መጀመሪያ መስተካከል ያለበት እሱ ነው።