ሻወር ለእንግዳ፣ ሳፋ ለባለቤት

የአዲስ አበባ ሰው ባኞ ቤቱን ሲያድስ ከምን እንደሚጀምር ልብ ብላችኋል? ከሴራሚክ። ገንዘቡ አጠር ያለ እንደሆነ ደግሞ ከሴራሚክ ጀምሮ እዚያው ሴራሚክ ላይ ያልቅበታል። መርካቶ ወጥቶ ሱቅ ለሱቅ ሲንከራተት ይውልና መስተዋት የሚያስንቅ ንጣፍ ይመርጣል። የቀረችውን አራግፎ አክንባሎ የሚያክል የሻወር ራስ ይገዛል። ባለሱቁ "ይሄ እኮ እንደ ዝናብ ነው የሚያወርደው" ብሎታላ! ባለሱቁም አልዋሸ፤ ግን ዝናብም ቢሆን ደመና ይፈልጋል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደመናው ሮቶ ነው። የሮቶ ውሃ ጉልበቱ ከፍታው ነው፤ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ግፊት ይሰጣል። ሮቶው ከሻወሩ 2 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ግፊቱ 0.2 ባር መሆኑ ነው። በዚህ አቅም ያ ሰፊ ራስ አያዘንብም፤ ያለቅሳል እንጂ። እዚያው ሱቅ ጥግ አቧራ የጠጣችው ጠባቧና ርካሿ ራስ የተሻለ ታወርድ ነበር። ግን እሷን ማን ለእንግዳ ያሳያል?

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሻወር ቤት የምናሳድሰው ልንታጠብበት ሳይሆን ልናሳይበት ሆኗል። አንዳንድ ቤት የቤት ሠራተኛዋ "እንዳታቆሽሺው" ተብላ ከጓሮ በባልዲ ትታጠባለች። እናትየዋ ደግሞ አንዴ አንሸራቷቸው ለጥቂት ተርፈዋልና፣ እሳቸውም ወደ ሳፋና ጆጋቸው ተመልሰዋል። የሚያብረቀርቅ ንጣፍ ውሃና ሳሙና ሲነካው በረዶ ነው። ሻካራው ሴራሚክ ብዙውን ጊዜ ዋጋው ያው ነው፤ ግድግዳው ላይ የሚመታ አንድ የብረት መያዣ ደግሞ ከዳሌ ስብራት ሕክምና ጋር አይወዳደርም።

ከጀርባ ያለውስ? በድሮ ግቢዎች ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው የብረት ቧንቧ ውስጡ በዝገት ጠቦ ጠቦ እርሳስ የማያሳልፍ ሆኗል። እሱን ሳንነካ አዲስ ሴራሚክ እንለጥፍበታለን። ሲፈነዳ የሚሰበረው ታዲያ ሴራሚኩ ነው፤ የተቆጠበው ብር በእጥፍ ይወጣል።

ኮንዶሚኒየም ሲሆን ዕዳው ለጎረቤትም ይተርፋል።

"እትዬ፣ ጣራችን ከእናንተ በሚወርድ ውሃ ረጠበ እኮ!"

"ከኛ? ኧረ እኛ ገና ባለፈው ወር ነው ያሳደስነው!"

ያሳደሱት ቀን ነዋ የጀመረው! የድሮው ወለል ሲፈነቀል ከሥሩ የነበረው ውሃ መከላከያ አብሮ ተነስቷል፤ ሠራተኛው መልሶ አልቀባውም፣ ወለሉም ወደ ፍሳሹ ዘንበል አላለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ የጋራውን ነገር ለማኅበር ሰጥቷል፤ የእናንተ ሴራሚክ ግን የእናንተ ነው፣ የጎረቤት ኮርኒስም የጎረቤት።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ሻወሩ ራስ ላይ የምትገጠመው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ናት። ርካሽ ናት፣ ቦታ አትፈጅም፣ ውሃውን እዚያው ታሞቃለች። አንዳንዷ 5,500 ዋት ትስባለች፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 25 አምፔር ነው። ለአምፖልና ለሬዲዮ በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ይህን መጫን ቤቱን ማቃጠል ነው። ይባስ ብሎ ገጣሚው የግራውንዱን ሽቦ "ይቺ ምንም አትሠራም" ብሎ ቆርጦ ይጥላታል። የምትሠራውማ እርጥብ ሰውነት ላይ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ነው። ገንዘቡ ለወፍራም ሽቦ፣ ለራሱ ብሬከርና ለግራውንድ ካልበቃ ውሃ በምድጃ ማሞቅ ነውር የለውም።

አቅም የሌለው ሰው አያድስ ማለቴ አይደለም። ግድግዳው ላይ ያለው የደበዘዘ ሴራሚክ ካልተነቀነቀ ይቆይ፤ መጋጠሚያው ተፍቆ በነጭ ማስቲስ ቢሞላ ግማሽ ዕድሜው ይመለሳል። ብሩ ለቧንቧውና ለወለሉ ይዋል። ወለሉ መከላከያ ተቀብቶ ሲደርቅ፣ ንጣፉ ሳይለጠፍ፣ ፍሳሹ ተደፍኖ ውሃ ይሞላበትና 24 ሰዓት ይቆይ። ውሃው ከጎደለ ወይ ታች ያለው ጎረቤት ካንኳኳ ገና በጊዜ ነው። ይህን ሙከራ ሳይነገረው የሚያደርግ ሠራተኛ ካገኛችሁ ስልኩን ያዙት። "አያስፈልግም፣ በኔ ይሁንባችሁ" የሚላችሁን ደግሞ ቀብድ አትስጡት።