የወፍ ጉብኝት ጥናት ነውን? ከሳነቴ እስከ ጊኒር በተደረገ ጉዞ ላይ የቀረበ ሒስ

ወደ ባሌ ደጋ ወፍ ለማየት የሚመጣው መንገደኛ ሁለት ጥቅም ይዞ ይመጣል ይባላል። አንደኛው ለአገሬው ሰው የሚተርፍ ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛው ስለ አእዋፍ ጥበቃና ስለ ስደታቸው ለሚደረገው ጥናት የሚተርፍ መዝገብ ነው። የአስጐብኚ ድርጅቶች ማስታወቂያ ሁለቱን ጐን ለጐን ያስቀምጣቸዋል፤ የሚያነበውም ሰው አንዱን ሲያምን ሌላውንም አብሮ ያምናል። ስለ መጀመሪያው በዚህ ጽሑፍ አንከራከርም። መንገድ መሪው፥ ፈረስ አከራዩ፥ የፓርኩ ጠባቂ፥ ምግብ አብሳዩም ድርሻቸውን ሲቀበሉ አይተናል፤ ይህ ገንዘብ ባይኖር ኖሮ ወፍና ጫካ ለምን እንደሚጠበቅ ለጐረቤት ማስረዳት ይበልጥ ያስቸግራቸው እንደ ነበር ራሳቸው ነግረውናል። የምንመረምረው ሁለተኛውን ነው፤ ይኸውም ጉብኝቱ በእውነት የጥናት ረዳት ነውን? የሚለውን ጥያቄ ነው።

ለዚህ ጥያቄ መነሻ የሆነን በኅዳር ወር ከአንድ የጐብኚዎች ቡድን ጋር ያደረግነው ጉዞ ነው። ከዲንሾ ተነሥተን በሮቤና በጎባ በኩል ሳነቴ ወጣን፤ ከዚያም ተመልሰን በጎሮ አድርገን ሶፍ ዑመር ወረድን፤ በመጨረሻም ጊኒር ደረስን። የድርጅቱን ስም አንጠራም፤ ነቀፋችን በልማዱ ላይ እንጂ በአንድ ቤት ላይ አይደለምና። ዓመታቱን በዚህ ጽሑፍ የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን መሆኑንም አንባቢ ያስታውስልን።

ዲንሾ ላይ የሆነው ነገር የልማዱን ጠባይ ከመነሻው ያሳያል። መሪያችን ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ብዙ ሳይርቅ በጽድና በኮሶ ዛፎች መካከል ወስዶ ጉጉት የሚውልበትን ቅርንጫፍ በጣቱ ጠቈመ። ችሎታው ያስደንቃል፤ እኛ ከዛፉ ሥር ቆመን እንኳ የዛፍ ቅርፊት መስሎን ነበር። ጐብኚዎቹ አዩ፥ ፎቶግራፍ አነሡ፥ በእጃቸው ባለው ዝርዝር ላይ ምልክት አደረጉ፤ ነገሩ ሁሉ ከሩብ ሰዓት አላለፈም። ቀጥሎ ግን አንዲት ወፍ ከቍጥቋጦ አልወጣ ስትል የድምፅዋ ቅጂ ከቴሌፎን ደጋግሞ ተከፈተባት። ወፏም ባላጋራ የመጣባት መስሏት ብቅ አለች። ይህን የሚያደርግ ሰው ስለ ጥበቃ ሲናገር መስማት ያስቸግራል፤ ምግብ ፍለጋዋን ወይም ጐጆዋን ትታ፥ ለሌለ ባላጋራ ስትጮህ ጊዜዋን የምታጠፋው ወፏ ናትና። ቡድን በመጣ ቍጥር የሚደርስባትም ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ትልቁ ነቀፋችን ሳነቴ ላይ ነው። ሳነቴ 4000 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው አምባ ሲሆን፥ ከበላዩ የሚታየው ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር ይደርሳል። በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እምብርት ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ክንፈ ሰማያዊው ዝይ በየኵሬው ዳር ይሰማራል። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው አይጥና ፍልፈል መሬቱን ሞልቶታልና፥ ንስሮችም ያንኑ ፈልገው ከላይ ያንዣብባሉ። በኅዳር ከሚታዩት መካከል ከሩስያና ከካዛክስታን ሜዳዎች ብርዱን ሸሽተው የሚመጡት የስቴፕ ንስሮች ይገኙበታል። ይህ ንስር ከ2015 ጀምሮ ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ዝርያዎች ተራ ተመዝግቧል። እንግዲህ ዘንድሮ ስንት መጣ? ከዓምናው ያነሰ ነውን? ከመካከላቸው ጫጩትነቱን በቅርብ የጨረሰው ስንቱ ነው? ለንስሩ ዕድል የሚያስቡ ሰዎች ከክረምት ማሳለፊያው አገር የሚጠብቁት መልስ የዚህ ዓይነት ነው።

መሪው «ስቴፕ ንስር» ብሎ ጠራ። ሁሉም ቀና አሉ፤ ሁሉም በዝርዝራቸው ላይ አንዳንድ ምልክት አደረጉ። በሰማይ ላይ የነበሩት ግን አንድ አልነበሩም፤ ስንት እንደ ነበሩ የጻፈም ሰው አልነበረም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጐብኚው ይህን ያህል ባሕር ተሻግሮ የመጣው በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን ወፍ ሊያይ ነው፤ ንስሩን ግን በሌላም አገር ያገኘዋል። ስለዚህ የስደትን ጥናት ይረዳል የሚባለው ጉብኝት ስደተኛውን ወፍ ከሁሉ አሳንሶ ያያል ማለት ነው። በሮቤ ዙሪያ ባለው የስንዴ ሜዳ ላይ፥ ኮምባይነር ካለፈበት ገለባ በላይ ዝቅ ብለው የሚበሩትን ሃሪየር የተባሉ አዳኞች እንኳ ያየናቸው በመኪና መስኮት ነው፤ ሹፌሩ እንዲቆም የጠየቀ አልነበረም። እኛም አልጠየቅንም።

ቦታና ቀን የሌለው መረጃ ምን ያህል እንደሚያደክም ከዚሁ ከደቡቡ አገር ታሪክ ምሳሌ አለ። ኢጣሊያዊው መስፍን ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ በደቡብ ኢትዮጵያ ሲጓዝ ብዙ ወፍ ሰብስቦ ነበር፤ በ1893 ዝሆን ገደለው። ከስብስቡ የተገኘችውን አንዲት ቱራኮ ሳልቫዶሪ በ1896 በሟቹ ስም ሰየማት። ነገር ግን ከየት እንደ ተያዘች የሚነግር ጽሑፍ ስላልነበረ፥ በ1940ዎቹ ዓመታት እንደገና እስክትገኝ ድረስ ሳይንስ ወፏን እንጂ አገሯን አያውቅም ነበር። ዛሬ ከጎባ በሐረና ጫካና በደሎ መና አድርጎ ወደ ነገሌ የሚወርደው ጐብኚ ሁሉ እሷኑ ይፈልጋል፤ አግኝቶም ሲመለስ ከሩስፖሊ የተሻለ ማስታወሻ የሚጽፈው ጥቂቱ ነው።

ከዚያው መንገድ መጨረሻ ላይ ያለው የሊበን ሜዳ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በዚያ ሣር ውስጥ የምትኖር አንዲት ላርክ አለች፤ ከአፍሪካ ምድር ቀድመው ይጠፋሉ ተብሎ ከሚያሠጋላቸው ወፎች አንዷ ናት። ተመራማሪዎች በ2007 የተራመዱትን መስመር በ2009 ደግመው ስለ ተራመዱት፥ በሁለት ዓመት ውስጥ የታየችው ቍጥር በ40 ከመቶ ገደማ መቀነሱ ታወቀ። በዚያው ሜዳ ላይ የጉብኝት ቡድኖችም ወፏን እያዩ፥ ምልክት እያደረጉ አልፈዋል። ወፏ ስትቀንስ ምልክቱ አይቀንስም፤ አንድም ብትታይ መቶም ብትታይ ያው አንድ ምልክት ነው።

እንዲህ ስንል የመንገደኛ ማስታወሻ ሁሉ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን በ1971 በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ያወጡት የኢትዮጵያ አእዋፍ ዝርዝር፥ ጆን አሽና ጆን አትኪንስም በ2009 ያሳተሙት የሥርጭት አትላስ የሁለት ሁለት ሰው ዓይን ብቻ ያያቸው አይደሉም፤ የብዙ ሰዎች ማስታወሻ ገብቶባቸዋል። ገብቶ ሊያገለግል የቻለው ግን ቀንና ቦታ ስለ ነበረው ነው። በባሌ ስለሚፈለፈለው ወርቃማ ንስር በ1999 የታተመው ጥናትም ወደ አንድ ገደል ተመላልሶ ከማየት የመጣ እንጂ በአንድ ማለዳ የተገኘ አይደለም። በሌላውም ዓለም ተራ ሰው ለሳይንስ ያበረከተው ጥቂት አይደለም። በአሜሪካ በ1900 በገና ሰሞን ወፍ ከመግደል መቍጠር ይሻላል ተብሎ የተጀመረው ቈጠራ ዛሬም ይካሄዳል፤ ዋጋው ያለው ያንኑ ክብ መሬት በያንዳንዱ ዓመት በዚያው ሰሞን ደግሞ ማየቱ ላይ ነው። በ2002 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው ኢበርድ የተባለው መዝገብም ከመዝጋቢው ስንት ሰዓት እንደ ቆየ፥ ምን ያህል መንገድ እንደ ሄደ፥ ያወቀውንም ወፍ ሁሉ ጽፎ እንደ ሆነ ይጠይቃል። ይህን የሚጠይቀው ተፈልጎ ያልተገኘውም እንዲታወቅ ነው። ጐብኚዎቻችን ቴሌፎናቸውን ለወፍ ድምፅ ካወጡ ለዚህ ማውጣት አይሳናቸውም ነበር።

ሌላው ጕድለት የወራት ነው። ቡድኖቹ በብዛት የሚመጡት ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው፤ መንገዱ ይደርቃል፥ ሰማዩም ይጠራል። ዝናቡ ሲጠነክር ሳነቴ ላይ ጐብኚ አይታይም። ጉትቻ መሰል ሥጋ ከጉሮሮው የሚንጠለጠለው ትልቁ ክሬን ግን በዚያ ረግረግ የሚፈለፈለው በዝናቡ ወራት ነው። ስለዚህ ከጉብኝት ብቻ የተሰበሰበ መዝገብ የባሌን ወፎች ግማሽ ዓመት ብቻ ያውቃል፤ የቀረውን የሚያየው ከብት ጠባቂው፥ የፓርኩ ጠባቂና መሪው ነው።

አሁን ወደ ቈላው እንውረድ። በዲንሾ አጠገብ የሚፈሰው የወይብ ወንዝ ወደ ምሥራቅ ወርዶ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ጐብኚው ወደዚያ የሚሄደው ከዋሻው ይልቅ የሳልቫዶሪን ሰሪን ፍለጋ ነው፤ ይህች ጉሮሮዋ ቢጫ የሆነ ትንሽ ወፍ በደቡብ ኢትዮጵያ ብቻ ትገኛለች። ታየች፥ ምልክት ተደረገ፥ መኪና ተነሣ። ከሶፍ ዑመር ሩቅ ባልሆነችው በጊኒር ምን እንደሚታይ ስንጠይቅ «ጊኒር ለምሳ ነው» ተባልን።

ይህን መልስ ዝም ብለን አናልፈውም። ከሳነቴ እስከ ሶፍ ዑመር ከፍታው ከ2500 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ጊኒር ከ2000 ሜትር ጥቂት ዝቅ ብላ በመካከል ላይ ትገኛለች። አንድ አጥኚ የወፎችን ወቅታዊ እንቅስቃሴ ከደጋ እስከ ቈላ ልከተል ቢል ከዚህ የተሻለ መሰላል አያገኝም፤ ጉብኝቱ ግን የላይኛውንና የታችኛውን ደረጃ ረግጦ የመካከሉን ይዘላል። ከምሳ በኋላ ከከተማው ወጣ ብለን ስንራመድ፥ ከሰሜን የሚመጡት ቢጫ ጅራተ ነቅናቂዎች በከብቶቹ እግር መካከል እየተሯሯጡ ዝንብ ሲለቅሙ አየን። ከብት የሚጠብቀው ልጅ «መስቀል ካለፈ በኋላ ነው የሚመጡት» አለን። በዚያ ቀን ስለ ስደት የሰማነው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር፤ የነገረንም ለጉብኝቱ ያልተከፈለው ሰው ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንንም ጕድለት መናገር ይገባናል። ማታ ማስታወሻችንን ስናስተያይ ከመካከላችን አንዱ ስለ እነዚሁ ወፎች የጻፈው «ብዙ» ብሎ ነው። ሁለተኛው ቈጥሮ ነበር፤ ሰዓቱን ግን አልጻፈም። ሦስተኛው ምንም አልጻፈም። ሌላውን ለመንቀፍ የተነሣ ተማሪ መዝገብ ይህን ከመሰለ ነገሩ የጐብኚ ብቻ እንዳልሆነ አንባቢ ይፈርድልናል።

የምናቀርበው ሐሳብ ብዙ ወጪ የለበትም። እያንዳንዱ ቡድን ከሌላው ዝርዝር በተጨማሪ አንድ ገጽ ይያዝ፤ በገጹም ላይ ቀኑና ዓመቱ፥ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት፥ ቦታው፥ የታየው ቍጥር፥ ተፈልጎ ያልታየውም ይጻፍ። ሳነቴ ላይ ንስሮች በሚቈጠሩበት ቦታ ግማሽ ሰዓት ይቁም። ገጹን የሚጽፈው መሪው ይሁን፥ ስሙም ይታወቅለት፥ ለዚህም ሥራ ለብቻው ይከፈለው። ቅጂው በሮቤ ባለው በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ቢቀመጥ በዝናቡ ወራት ያንኑ መስመር ደግሞ የሚሄድ ተማሪ ከዚያው ይገኛል። ድርጅቶቹ ጐብኚው ይሰለቻል ይሉናል። ጉጉት ፍለጋ ከጎሕ በፊት የሚነሣ ሰው በግማሽ ሰዓት ቈጠራ ይሰለቻል ብለን አናምንም።

መሪው ይህን ሥራ ይችለዋልን? ለሚለው መልሱን ያገኘነው በዚያው ምሽት በጊኒር ነው። መሪያችን የዲንሾ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እያልን ነበር የምንጠራቸው። ስለ ማስታወሻችን ስንከራከር ሰምተው ከሻንጣቸው ሽፋኑ የተቀደደ የትምህርት ቤት ደብተር አወጡ። የወፎቹ ስም አንዳንዱ በኦሮምኛ፥ አንዳንዱ በአማርኛ፥ አንዳንዱም እንግሊዝኛው በአማርኛ ፊደል ተጽፏል። ንስሮቹ ሳነቴ የደረሱበት ቀን፥ ክሬኖቹ ጐጆ የያዙበት ኵሬ፥ ዝይዎቹ ከጫጩቶቻቸው ጋር የታዩበት ሳምንት አለ።

«ይህን ለማን ያሳያሉ ጋሼ?» አልናቸው።

«የጠየቀኝ የለም» አሉ። «የት ነው ይሉኛል እንጂ መቼ ነው ያለኝ ሰው አላጋጠመኝም።»

ደብተሩን ገጽ በገጽ ስናይ ግን አንድ ነገር ጐደለ። ወርና ቀን በሚገባ ተጽፏል፤ ዓመት የለም። እሳቸው ለራሳቸው ስለ ጻፉት ዓመቱ አይጠፋኝም ብለው ነበር። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት አብረን ተቀምጠን ዓመቱን ለመመለስ ሞከርን። አንዱ ገጽ የባሌ ጫካ በተቃጠለበት በ2000፥ ማለት በእኛ በ1992፥ ከእሳቱ በኋላ ባለው በልግ የተጻፈ መሆኑን አስታወሱ፤ ጢሱ ወፎቹን ወዴት እንዳሸሻቸው ከዳር ጽፈውት ነበርና። ሌላውን ገጽ ልጃቸው ትምህርት ቤት በገባበት ዓመት ለዩት። የቀሩትን ገጾች እስካሁን በዓመት ማስቀመጥ አልቻልንም።