የላይብረሪን ሰነድ ከጳጉሜን ጀምሮ ማንበብ

የአንድን ኦፕን ሶርስ ላይብረሪ ዶክመንቴሽን ለመመዘን የመጀመሪያውን ገጽ ማንበብ ብዙም አይጠቅምም። መግቢያ ላይ ሁሉም ጎበዝ ነው። አምስት መስመር ምሳሌው ይሠራል፣ አርማው ያምራል፣ «ቀላል» እና «ፈጣን» የሚሉት ቃላትም አይጠፉም። ይልቅ ሰው እምብዛም የማይደርስበትን ክላስ ክፈቱ። እኔ የቀን መቁጠሪያ ላይብረሪ ሲገጥመኝ በቀጥታ የምሄደው ወደ ኢትዮጵያው ክላስ ነው። ተጠቃሚው ጥቂት ስለሆነ ያ ገጽ በእንክብካቤ ከተያዘ ሌላውም ሳይያዝ አይቀርም። መልሱን ደግሞ ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምናውቀው በቀላሉ አንሸወድም።

ጆዳ ታይም የተባለውን የጃቫ ላይብረሪ እንውሰድ። ኢትዮፒክ ክሮኖሎጂ የሚለው ክላስ ማብራሪያ ዓመቱ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን እንደሚጨምር፣ አሥራ ሁለቱ ወራት ሠላሳ ሠላሳ ቀን እንደሆኑ፣ መጨረሻ ላይ 5 ወይም 6 ቀን እንደሚተርፍ ይናገራል። እስከዚህ ማንም ይጽፈዋል። ደስ የሚለው ቀጥሎ ያለው ነው። ያቺ ትርፍ ጊዜ እዚህ ኮድ ውስጥ እንደ 13ኛ ወር እንደምትቆጠር ለይቶ ያስቀምጣል። አንደኛው ዓመት በጁልያን አቆጣጠር ኦገስት 29 ቀን 8 እንደጀመረና ከዚያ በፊት ያለን ቀን ክላሱ እንደማይቀበል ይገልጻል። ቀን የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ነው ይልና፣ አንዳንድ ምንጮች ቀኑ በዋዜማው ፀሐይ ስትጠልቅ ይጀምራል እንደሚሉ፣ ነገሩ ግን እንዳልተረጋገጠና በኮዱም እንዳልተሠራበት ያክላል።

ሰምተናል፣ አላረጋገጥንም፣ አልሠራነውም። ሰነድ ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ መሆን ይቸግረዋል። የበዓል ዋዜማን የሚያሰላ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ላይብረሪውን እስከየት እንደሚያምነው፣ ከየት ጀምሮ ራሱ እንደሚሠራ እዚህ ላይ ቁርጡን ያውቃል። ደካማ ሰነድ ይህን ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ ተጠቃሚው የሚያውቀው ደንበኛ ሲጮኽበት ነው።

ሌላም ትንሽ የምትመስል ነገር አለች። ዴትታይም የሚባለውን ኦብጀክት ክሮኖሎጂ ሰጥታችሁ ስትፈጥሩ፣ ማብራሪያው የወሩ ቁጥር «ከ1 እስከ 12» ነው አይልም፤ የሚፈቀደውን ቁጥር ክሮኖሎጂው እንደሚወስነው ይናገራል። ኦብጀክት ተኮር ላይብረሪን የምፈትነው በዋናነት በዚህ ነው። ከላይ ያለው አጠቃላይ ክላስ፣ ከሥሩ ያሉት ሊፈጽሙት የማይችሉትን ቃል መግባት የለበትም። እዚያ ላይ 12 ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ጳጉሜን ገና ከመጀመሪያው ሕገ ወጥ ትሆን ነበር።

አይሲዩ የተባለው የዩኒኮድ ላይብረሪ ሌላ መንገድ መርጧል። ዓመተ ምሕረትንም ዓመተ ዓለምንም ይይዛል። በጃቫው ሰነድ ውስጥ የወራቱ ስሞች በእኛው ፊደል ተጽፈዋል። የኮንስትራክተሩ ማብራሪያ ደግሞ የወር ቁጥር ከ0 እንደሚጀምር፣ መስከረም 0 መሆኑን በምሳሌ ያሳያል። በእኔ አስተያየት ይህ የቁጥር ልማድ አስቀያሚ ነው፤ 1 ብሎ መስከረምን የጠበቀ ሰው ጥቅምት ይወጣለታል። ሰነዱ ግን አልሸሸገውም፤ ሰው ጣቱን ኪቦርዱ ላይ አድርጎ ሊሳሳት በተዘጋጀበት ቦታ ላይ ጻፈው። ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ከብዙ ገጽ በኋላ «ልብ ይበሉ» በሚል ርዕስ ሥር ስታገኙ ጸሐፊው የጻፈው ለራሱ ሕሊና ነው በሉ።

ይኸው የአይሲዩ የኢትዮጵያ ክላስ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይጨምራል፤ ከእኔ ልጅ ክላስ አታውጡ ይላል። ብዙ ሰው ሳያነበው ያልፋል፤ ለእኔ ግን የሰነዱ ክብደት ያለው እዚህ ነው። ውርስ ኦብጀክት ተኮር ኮድን ከሌላው የሚለየው፣ ሰነዱንም የሚያከብደው ነገር ነው። ጆሹዋ ብሎክ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው «ኢፌክቲቭ ጃቫ» ውስጥ የሰጠው ምሳሌ እስካሁን ይሠራል። ሀሽሴትን ወርሳችሁ ስንት ነገር እንደገባ የሚቆጥር ክላስ ትጽፋላችሁ። አንድ ነገር የሚያስገባውን አድ እና ብዙ የሚያስገባውን አድኦል ኦቨራይድ አድርጋችሁ በሁለቱም ውስጥ ቆጣሪውን ትጨምራላችሁ። ከዚያ ሦስት ነገር በአድኦል ስታስገቡ ቆጣሪው 6 ይላል። ምክንያቱም አድኦል ውስጥ ውስጡን አድን ይጠራል፤ እያንዳንዱ ነገር ሁለቴ ተቆጠረ። ኮዳችሁ ስህተት የለበትም፣ ሀሽሴትም ስህተት የለበትም። የጎደለው በሁለቱ መካከል ያለው ቃል ነው። የብሎክ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፤ ክላስህ እንዲወረስ ከፈለግህ የትኛው ሜተድ የትኛውን እንደሚጠራ ጻፍ፣ አለዚያ ውርስን ከልክል።

ስለዚህ ክላስ ስትመዝኑ «ይህን ሜተድ ኦቨራይድ ባደርግ ማን ይጠራዋል? ማንስ ሳይጠራው ያልፋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ጃንጎ የተባለው የፓይተን ፍሬምወርክ እዚህ ላይ ጥሩ ነጥብ ያገኛል። የሞዴልን ሴቭ ወይም ዲሊት ስለመለወጥ በሚያስተምርበት ክፍል ውስጥ፣ ብዙ መዝገብ በአንድ ጊዜ ሲታደስ ወይም ሲሰረዝ የለወጣችሁት ሜተድ ላይጠራ እንደሚችል እዚያው ያስጠነቅቃል። ይህን ያላነበበ ሰው ሴቭ ውስጥ ያስቀመጠው ቁጥጥር በጅምላ ሥራ ላይ ለምን እንደማይሠራ ሲፈልግ ያመሻል።

ቃል የተገባውን በአጋጣሚ ከሆነው መለየትም የጠቢብ ሥራ ነው። ፓይተን 3.6 ላይ ዲክት ነገሮችን በገቡበት ቅደም ተከተል መያዝ ጀመረ፤ ሰነዱ ግን ይህ የሲፓይተን የውስጥ አሠራር ነው አለ እንጂ ቃል አልገባም። በ3.7 ቃል ገባ፤ ገጹ ላይም ሁለቱን ቨርዥኖች ለይቶ ጻፈ። አይሲዩም እያንዳንዱን ነገር ረቂቅ ነው ወይስ የጸና ነው እያለ፣ ከየትኛው ቨርዥን ጀምሮ እንደሆነ ጨምሮ ምልክት ያደርግበታል። ይህ ምልክት የሌለበት ሰነድ ትናንት የተጻፈ ይሁን ከዓመታት በፊት ማወቂያ የለውም።

ስለ ምሳሌዎች ብዙ አልልም፤ መሮጥ አለባቸው። ፓይተን ዶክቴስትን እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ይዟል፤ በሰነድ ውስጥ ያለውን ምሳሌ አስኪዶ ውጤቱ ከተጻፈው ጋር ይገጥም እንደሆነ ያያል። ቢሆንም የሚሮጥ ምሳሌ ሁሉ ጥሩ ምሳሌ አይደለም። ለኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ መስከረም 1ን በምሳሌነት ያቀረበ ሰው ምንም አላሳየም። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 መሆኑን፣ ማግስቱም መስከረም 1 ቀን 2016 መሆኑን ያሳየ ግን የትኛው አራተኛ ዓመት እንደሚረዝም፣ ዘመነ ሉቃስ መሆኑን፣ ያለ ማብራሪያ አስረዳ።

ጥገናን ለማየት የፕሮጀክቱን የለውጥ ታሪክ ክፈቱ። የኮዱ ለውጥና የሰነዱ ለውጥ በአንድ ፓች ይገባሉ? ጃንጎ አዲስ ባሕርይ ያለ ሰነድ አይቀበልም። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ መሰረዙ ነው፤ ድጋፋቸው ያበቃ ቨርዥኖችን የሚመለከቱ «ከዚህ ቨርዥን የተጨመረ» የሚሉ ማስታወሻዎች በየጊዜው ይነሳሉ። ማንም ሰው መጨመር ይችላል፤ የሚቀንስ ጠባቂ ያለው ፕሮጀክት ግን ጥቂት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ራስን መሰናበት ነው። ጃቫ 8 እ.ኤ.አ. በ2014 ጃቫ ታይም የተባለውን ክፍል ይዞ ሲወጣ፣ የጆዳ ታይም ሰነድ ተጠቃሚዎቹ ወደዚያ እንዲዛወሩ መጠየቅ ጀመረ። የሁለቱም መሪ ስቲቨን ኮልቦርን ስለነበር ቅናት አልያዘውም፤ እንዲያም ሆኖ የራስን ገጽ ከፍቶ «ወደዚያ ሂዱ» ማለት ቀላል አይደለም። ለእኛ ግን መንገዱ እዚያ አያልቅም። ጃቫ ታይም ከመደበኛው አቆጣጠር ሌላ የሂጅራን፣ የጃፓንን፣ የታይዋንንና የታይ ቡድሂስትን አካትቷል፤ የኢትዮጵያው የለበትም። ለጃቫ ታይም የሚሆነው ኢትዮፒክ ክሮኖሎጂ የሚገኘው ስሪቴን ኤክስትራ በተባለ ተጨማሪ ላይብረሪ ውስጥ ነው። ስለዚህ የዝውውር መመሪያ ስመዝን፣ ጳጉሜን የያዘውን ተጠቃሚ እስከ ጃቫ ታይም በር ሸኝቶ ተመለሰ ወይስ ስሪቴን ኤክስትራ ድረስ አደረሰው የሚለውን አያለሁ።