ከዓድዋ ሌላ በር፦ ኢሉባቦር፣ የጥቁሮች ታሪክና ሂፕ ሆፕ በቤተ መጻሕፍት

በ2023 ሐምሌ ወር የብሩክሊን ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት የፊት ግድግዳ በራፐሩ ጄይ-ዚ ግጥሞች ተሸፈነ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ውስጡ ደግሞ የሙዚቀኛውን ሕይወትና ሥራ የሚያሳይ ሰፊ ዐውደ ርእይ ተዘረጋ፤ የአንባቢ መታወቂያዎችም የ13 አልበሞቹን ሽፋን ይዘው ታተሙ። ሁሉንም ዓይነት ለማግኘት ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው የዞረው ሰው ብዙ ነበር። ሂፕ ሆፕ 50ኛ ዓመቱን የደፈነበት ዓመት ስለሆነ፣ ሌሎች የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍትም በየፊናቸው አከበሩት።

ነገሩ ሥር አለው። በ1926 የኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከካርኔጊ ኮርፖሬሽን በተገኘ 10,000 ዶላር የፖርቶ ሪኮ ተወላጁን የአርቱሮ ሾምበርግን የመጻሕፍትና የሰነዶች ስብስብ ገዝቶ በሃርለም 135ኛ ጎዳና ባለው ቅርንጫፉ አኖረው። በዚያው ዓመት ካርተር ውድሰን የጥቁሮችን ታሪክ የሚዘክር ሳምንት ጀመረ፤ ከ50 ዓመት በኋላ ሳምንቱ ወር ሆነ። ሁለቱም የሚታገሉት አንድ ውንጀላ ነበር፤ ጥቁር ሕዝብ ታሪክ የለውም የሚለውን። ሾምበርግ መልስ የሰጠው በስብከት ሳይሆን በሰነድ ነው፤ ያገኘውን መጽሐፍ፣ ደብዳቤና ሥዕል እየለቀመ።

ሂፕ ሆፕም ከለቀማ ተወለደ። ነሐሴ 11 ቀን 1973 በብሮንክስ ሰጅዊክ አቬኑ ቁጥር 1520 በሚገኝ ሕንፃ፣ ሲንዲ ካምቤል የምትባል ወጣት ለትምህርት መክፈቻ የሚሆን ልብስ መግዣ ለማግኘት የዳንስ ምሽት አዘጋጀች። ሙዚቃውን ያጫወተው ከጃማይካ በልጅነቱ የመጣው ወንድሟ ክላይቭ ነው፤ ዓለም ዲጄ ኩል ሄርክ ብሎ ያውቀዋል። ሄርክ በሁለት ማጫወቻዎች ላይ አንድ ዓይነት ሸክላ ያስቀምጣል። ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን የሚቀርበት አጭር ክፍል ሲደርስ፣ አንዱ ሸክላ ከመጨረሱ በፊት ሌላውን በእጁ ወደ ኋላ መልሶ ይጠብቃል። እንዲህ እያደረገ የጥቂት ሰኮንድ ከበሮ ለደቂቃዎች ያስረዝመዋል። ጨፋሪው የሚጠብቀው ያንን ክፍል ነበር። በላዩ ላይ በማይክሮፎን የሚወረወረው ቃል ቀስ በቀስ ራፕ ሆነ። የድሮ ሸክላ ቆፍሮ ማውጣት፣ ከውስጡ የተረሳውን መርጦ እንዲሰማ ማድረግ የዚህ ጥበብ መሠረት ነው፤ ስለዚህ ሂፕ ሆፕ ቤተ መጻሕፍት ሲገባ ወደ ባዕድ ቤት የገባ አይመስለኝም።

በእኛ ከተሞች ቤተ መጻሕፍት ሲባል ለብዙ ወጣት ትዝ የሚለው የፈተና ሰሞን ነው፤ ደብተር ይዞ ገብቶ፣ ዝም ብሎ አጥንቶ መውጣት። መጽሐፍ ተውሶ ማንበብ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ መዝፈንማ ጭራሽ አይታሰብም። ይህንን የምለው ለመንቀፍ አይደለም፤ መብራትና ጸጥታ በቤቱ ለሌለው ተማሪ ያ ወንበር ትልቅ ነገር ነው። ግን አንድ ጥያቄ ላንሳ። ኢሉባቦር ውስጥ፣ መቱ ላይ፣ የራሷ ዩኒቨርሲቲ ባላት፣ በዝናብና በቡና በምትታወቀው ከተማ፣ አንድ ቤተ መጻሕፍት የጥቁሮችን ታሪክና ሂፕ ሆፕን ላክብር ቢል መደርደሪያው ላይ ምን ያስቀምጣል?

የመጀመሪያው መልስ ዓድዋ ይሆናል። የምኒልክ ፎቶግራፍ፣ ባንዲራው፣ ከዚያ የማርከስ ጋርቬይ ምስል፣ ከዚያ ቦብ ማርሊ። ይህ መልስ ትክክል ነው፤ ዓድዋ ለጥቁር ዓለም ምን እንደነበረ የሚክድ የለም። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ወደ ጥቁሮች ታሪክ የምንገባው ሁልጊዜ በድል አድራጊ በር ነው። በዚህ በር ስንገባ እኛ ሰጪ፣ እነሱ ተቀባይ እንሆናለን፤ እነሱ የተሸጡት፣ እኛ ያልተሸጥነው። ኢሉባቦር ግን ይህን ክፍፍል አይቀበልም።

ከበደሌ ወደ መቱ ሲመጣ ከተማዋ ሊደረስ ጥቂት ሲቀር ሁሩሙ ትገኛለች። በ1850ዎቹ አጋማሽ ገደማ በዚህ አካባቢ ሂካ የተባለ ልጅ ተወለደ። አባቱ የሞቱት የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። በኋላ ለስዊድን ወንጌላዊት ሚሲዮን ቦርድ በጻፈው ታሪኩ እንደተረከው፣ በ1869 ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥለው ወሰዱት፤ በስምንት ጌቶች እጅ ካለፈ በኋላ በ1870 ምፅዋ ላይ ስዊዘርላንዳዊው ወርነር ሙንዚንገር ነጻ አወጣው። በ1872 የትንሣኤ ዕለት ተጠመቀ፤ ኦነሲሞስ ነሲብ ተባለ። ስዊድን ሄዶ አምስት ዓመት ተማረ። ተመልሶ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ፤ ሙሉው በ1899 ታተመ። በ1904 ወለጋ ገብቶ ማስተማር ጀመረ፣ ተከሰሰ፣ ስብከት ተከለከለ፣ በኋላ ተፈቀደለት፤ በ1931 አረፈ።

ስምንት ጌቶች። አንድ ልጅ ከሁሩሙ እስከ ቀይ ባሕር ስምንት ጊዜ እጅ ለእጅ ተላልፏል። አሜሪካ ውስጥ ባሪያ የነበረውን ፍሬድሪክ ዳግላስን ያነበበ ሰው ይህን ሲያነብ የት እንዳለ ወዲያው ያውቀዋል። አሜሪካ ውስጥ ባሪያ የነበሩ ሰዎች የጻፏቸው የሕይወት ታሪኮች የጥቁር ሥነ ጽሑፍ ዋና መነሻ ተደርገው በየዩኒቨርሲቲው ይጠናሉ። የኢሉባቦሩ ሰው የጻፈው ግን ከሃይማኖት ታሪክና ከቋንቋ ጥናት ውጭ ብዙም አይነሳም። እኔ የምለው፣ ቦታው ከእነዚያ ጎን ነው።

ለሂፕ ሆፕ ይበልጥ የምትቀርበው ግን አስቴር ጋኖ ናት። አስቴር ነጻ ተወልዳ በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ባርነት ገባች። በ1886 ወደ ዓረብ አገር ሊሸጧት ሲያሻግሯት ጀልባዋን የኢጣሊያ መርከቦች ያዟት፤ ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤትም ተወሰደች። ኦነሲሞስ ትርጉሙን ሲጀምር ከባድ እንቅፋት ገጥሞት ነበር፤ በልጅነቱ ከሰዉ ተነጥቆ በባዕድ ቋንቋዎች መካከል ስላደገ የአፍ መፍቻው ቋንቋ ብዙ ቃል ጎድሎበታል። አስቴር ይህን ሞላች። ከዚያም አልፋ ዘፈኑን፣ ተረቱን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩንና እንቆቅልሹን ወደ 500 የሚጠጋ ከትዝታዋ አውጥታ ጻፈች። ከዚህ ብዙው በ1894 ከኦነሲሞስ ጋር ባሳተሙት የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። አንዲት ወጣት ከአገሯ ስትወሰድ ዕቃ አልያዘችም፤ ይዛ የሄደችው የሰማችውን ነው። ቀይ ባሕር ዳር፣ የሚሞቅ አገር ላይ ተቀምጣ፣ የደጋውን ዘፈን መስመር በመስመር ታስታውሳለች። ሊረሳ የነበረውን ለቅማ ለሌላ ሰው ጆሮ ታዘጋጃለች። በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን በአትላንቲክ ማዶ ያደረጉትም ይህንኑ ነው፤ ዜማና ቃል በራስ ውስጥ ተሸክመው ተሻገሩ። ብሉዝ፣ ጃዝ፣ የጃማይካ የድምፅ ማጉያ ጭፈራና ራፕ የመጡት ከዚያ ሸክም ነው። የአስቴር መጽሐፍ በዚህ ሰልፍ ውስጥ የራሱ ተራ አለው፤ ልዩነቱ በወቅቱ ወደ መጽሐፍ መግባቱ ነው።

ታዲያ ይህ በር ለምን ተዘግቶ ቆየ? አንዱ ምክንያት የ1935ቱ ጦርነት ይመስለኛል። በዚያ ዓመት መስከረም ኢጣሊያ ለመንግሥታት ማኅበር ባቀረበችው ሰነድ የኢትዮጵያን ባርነት ለወረራዋ ሰበብ አደረገችው። ኢትዮጵያ በ1923 ወደ ማኅበሩ ስትገባም ዋናው መከራከሪያ ይኸው ነበር፤ በ1924 የወጣው ዐዋጅ፣ ኋላም የ1942ቱ ሕግ ባርነትን ለማስቀረት የወጡ ናቸው። ሃርለም ውስጥ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁሮች፣ እነሱው የባሪያ ልጅ ልጆች፣ ለኢትዮጵያ ሰልፍ ወጡ። አብራሪው ጆን ሮቢንሰን ከቺካጎ መጥቶ አገልግሏል። ጄ. ኤ. ሮጀርስ ለፒትስበርግ ኩሪየር ጋዜጣ ጦርነቱን ከስፍራው ዘግቧል። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማረው መላኩ በያን በ1937 ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቁሟል። ጠላት ባርነትን መሣሪያ ባደረገበት ሰዓት ወዳጅ ስለ ሂካና ስለ አስቴር ድምፁን ከፍ አድርጎ ማውራት አይችልም ነበር። ያን ዝምታ እረዳዋለሁ። ዛሬ ግን ያ ሰበብ የለም።

በዚያው ጦርነት ኢሉባቦር ራሷ ለጥቂት ወራት የአገሪቱ መንግሥት መቀመጫ ሆናለች። ንጉሠ ነገሥቱ በግንቦት 1936 ከወጡ በኋላ፣ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ጎሬ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የሚመራ ጊዜያዊ መንግሥት ተቋቋመ፤ ራስ እምሩም እንደራሴ ተብለው ወደ ምዕራብ መጡ። የጎሬ መንግሥት መኖሩ ኢትዮጵያ ገና አልተያዘችም ለሚሉት ሁሉ ማስረጃ ነበር። የሆለታ ካዴቶችና ውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች የመሠረቱት ማኅበር ለራሱ የመረጠው ስም ጥቁር አንበሳ ነው። አሥር አንቀጽ ያለው መተዳደሪያ ደንብ ጽፈው ገበሬውን ማንገላታትን ከልክለዋል፤ በሰኔ መጨረሻም ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉ የኢጣሊያ አውሮፕላኖችን አቃጥለዋል። ዓመቱ ሳያልቅ ጎሬ ተያዘች፤ ራስ እምሩም በታኅሣሥ ጎጀብ ወንዝ አካባቢ እጅ ሰጡ። የመቱ ተማሪ ይህን ከሃርለም ሰልፍ ጋር በአንድ ገጽ ላይ ቢያነበው፣ አውራጃው ከዓለም ዳር እንዳልነበረች ያያል።

ሂፕ ሆፕን ከእኛ ጋር ለማዛመድ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ ራፕ ከፉከራና ከቀረርቶ ጋር ይነጻጸራል። ንጽጽሩ ከፊሉን ብቻ ያሳያል። ፉከራ የገደለና የማረከ ሰው ንግግር ነው፤ ራፕም ይፎክራል፤ ግን የተወለደው ገድል ከሌላቸው፣ ቤታቸው ከተቃጠለባቸው፣ ፖሊስ ከሚያሳድዳቸው ልጆች መካከል ነው። ገረርሳ የተባለው የምዕራቡ ኦሮሞ ዘፈን ለዚህ ይበልጥ ይቀርባል። ገረርሳ ጀግንነትን ይናገራል፤ በዚያው አፍ ድህነትን፣ እስራትን፣ የዘመድ መክዳትን ያነሳል። አዲሱ ቶለሳ በ1999 ባሳተመው ጥናት ገረርሳን የኦሮሞ ብሔራዊ ሥነ ጽሑፍ አድርጎ ያየው ይህን ስፋቱን ተመልክቶ ነው። የራሱን ሕይወት በራሱ አንደበት የሚመሰክር፣ በሰሚ ፊት የሚፈተን ሰው ሁለቱም ዘንድ አለ።

ከተመዘገበው ሙዚቃ ደግሞ ዘወትር የሚጠቀሰው የኢሉባቦር ጎረቤት የጅማው ተወላጅ ሙላቱ አስታጥቄ ነው። ራፐሩ ናስና ጃማይካዊው ዴሚያን ማርሊ በ2010 ዲስታንት ሬላቲቭስ በተባለው አልበማቸው መክፈቻ ላይ ከሙላቱ የግሌ ትዝታ ቆርጠው ወስደዋል። የብሮንክስ ጥበብና የጃማይካ ልጅ ተያይዘው የጅማን ሰው ሸክላ ማንሳታቸው ደስ ይላል። ሆኖም ይህን ብቻ ይዘን መኩራት አሁንም ሰጪነታችንን ከመቁጠር አይዘልም። በአማርኛ ቴዲ ዮና ልጅ ሚካኤል፣ በውጭ አገር ገብርኤል ቴዎድሮስ፣ በኦሮምኛም በየከተማው ያሉ ወጣቶች ራፕን የራሳቸው አድርገውታል። እነሱን የሚጠቅማቸው ከእነሱ በፊት የነበረውን ቃል በእጃቸው ማግኘት ነው።

እዚህ ላይ ቤተ መጻሕፍቱ ከባድ ሥራ ይጠብቀዋል። የ1894ቱ መጽሐፍ የታተመው በግዕዝ ፊደል ነው። ከ1991 ወዲህ ግን ኦሮምኛ የሚጻፈው ቁቤ በሚባለው የላቲን ፊደል ስለሆነ፣ ዛሬ በአፋን ኦሮሞ የተማረ የሁሩሙ ወጣት የሁሩሙው ሰውና አስቴር ያዘጋጁለትን መጽሐፍ ገልጦ በቀላሉ ማንበብ አይችልም። የግዕዙን ፊደል የሚያነቡት አዛውንት ደግሞ በአካባቢው አሉ። እኔ ብጠየቅ የመቱ በዓል ከዚህ ይጀምር እላለሁ። የመጽሐፉ ቅጂ ይገኝ፤ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ጮክ ብለው ያንብቡ፤ ተማሪዎች በቁቤ ይጻፉ፤ የዩኒቨርሲቲው የቋንቋ መምህራን የተለወጡትን ቃላት ያስረዱ፤ ከዚያ ማይክሮፎኑ ለራፐሮቹ ይሰጥ፣ ከአስቴር ዘፈኖች የመረጡትን በራሳቸው ምት ላይ ያውጡት። ቅጂውም መዝገቡም መደርደሪያው ላይ ይቅር። የአሜሪካው የጥቁሮች ታሪክ ወር የሚያበቃው ከዓድዋ በዓል ሁለት ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ በዚያ ሳምንት ቢውል ሁለቱንም በሮች አንድ ላይ ለመክፈት ይመቻል፤ ከጎሬና ከበደሌ የሚመጡ ተማሪዎችም አድረው እንዲመለሱ ቀኑ ቅዳሜ ቢሆን ይሻላል።