ግርማና ውበት፤ የተቈጣ ውሃ ስለሚታይባቸው ፎቶግራፎች

ሰው ውብ ነገር ባየ ጊዜ ደስ ይለዋል፤ እጅግ ታላቅና ኃይለኛ የሆነውን ባየ ጊዜ ግን ከደስታው ጋራ ፍርሃት ያድርበታል። ሁለቱ ስሜቶች የተለያዩ መሆናቸውን ግእዝ አስቀድሞ ያወቀ ይመስላል። በግእዝ «ግሩም» ማለት የሚያስፈራም የሚያስደንቅም ማለት ነው፤ «ግርማ» የሚለውም ቃል የተገኘው ከዚሁ ግስ ነው። ዛሬ ግን በአማርኛ ንግግራችን «ግሩም ምሳ»፥ «ግሩም ጫማ» ስንል፥ ፍርሃቱ ከቃሉ ወጥቶ የቀረልን መልካምነቱ ብቻ ነው። በቃሉ ላይ የደረሰው ነገር በፎቶግራፍም ላይ እየደረሰ ስለ ሆነ፥ የማዕበልና የፏፏቴ ፎቶግራፎችን ጥቂት ለመመርመር እንወዳለን። ከዚህ በታች ዓመታቱን የምንጠራው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ስለ ግርማ የተነገረው አሳብ የቈየ ነው። ሎንጊኖስ የሚባል ሰው እንደ ጻፈው የሚነገርለት ጥንታዊ የግሪክ ድርሰት፥ ሰው የጠራና የሚጠቅም ቢሆንም እንኳ ትንሹን ምንጭ ሳይሆን ናይልን፥ ዳኑብንና ራይንን፥ ከእነዚህም ሁሉ አብልጦ ውቅያኖስን እንደሚያደንቅ ይናገራል። በ1757 ኤድመንድ በርክ ባሳተመው መጽሐፍ ግርማን ከውበት ለየ። በእርሱ አስተያየት የግርማ ሥሩ ፍርሃት ነው፤ ነገር ግን አደጋው እጅግ ከቀረበ ሕመም ብቻ ይሆናል፤ ጥቂት ርቀት ሲኖር ነው ፍርሃቱ ወደ ደስታ የሚለወጠው። ነገሩ በጉልህ ሳይታይ ሲቀርም ፍርሃቱ ይበረታል። አማኑኤል ካንት ደግሞ በ1790 ይህን አሳብ ወደ ውስጥ መለሰው። የሚናወጠውን ውቅያኖስና ከከፍታ የሚወርደውን ታላቅ ወንዝ ከአደጋ ርቆ የሚመለከት ሰው፥ ሥጋው በእነዚህ ፊት ኢምንት መሆኑን ያውቃል፤ በዚያው ቅጽበትም አእምሮው ለእነርሱ የማይገዛ መሆኑን ይረዳል። ስለዚህ ግርማ የሚኖረው በውሃው ብቻ ሳይሆን በተመልካቹ ልቡና ነው ማለት ነው።

ይህ እውነት ከሆነ፥ ፎቶግራፍ አንሺው ከባድ ሥራ አለበት። ካሜራ ባሕሩን በእጅ ወደሚያዝ ወረቀት ያሳንሰዋል፤ ድምፁን ያጠፋዋል፤ የምድሩን መንቀጥቀጥና ፊትን የሚያረጥበውን ፍንጣቂ ያስቀረዋል። ሠዓሊ በዚህ ረገድ ነፃ ነው። እንግሊዛዊው ተርነር በ1842 ለሕዝብ ባሳየው ሥዕል በበረዶ ዐውሎ ውስጥ የምትናወጥ የእንፋሎት መርከብ ትታያለች። ሠዓሊው ማዕበሉን ለማየት ብሎ ከመርከብ ምሰሶ ጋራ ራሱን አሳስሮ አራት ሰዓት ቈየ ይባላል፤ የዚህን ታሪክ እውነትነት የሚጠራጠሩ ብዙዎች ናቸው። ታሪኩ ሐሰት ቢሆንም ግን ሥዕሉ አይጐድልበትም፤ ሠዓሊ ያላየውንም ሊስል ይችላልና። ፎቶግራፍ አንሺው ግን በውሃው ፊት መቆም አለበት፤ ተመልካቹም እንደ ምስክር ያምነዋል። እንግዲህ የፎቶግራፍ ግርማ የሚቆመው በዚህ እምነት ላይ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት የፈረንሳዊውን የጉስታቭ ለ ግሬን ሥራ እንመልከት። ለ ግሬ በ1856 በጸጥተኛ ባሕር ላይ ያለች ባለ ሸራ መርከብ አንሥቶ እጅግ ተመስግኗል፤ ያ ፎቶግራፍ ውበት ነው። በ1857 በሜዲትራኒያን ዳር ባለች አንዲት የደቡብ ፈረንሳይ የወደብ ከተማ ያነሣው «ታላቁ ሞገድ» ግን ወደ ግርማ ይደርሳል። ሞገዱ ወደ ተመልካቹ ይገሠግሣል፤ በሩቅ የድንጋይ ግድብ ይታያል፤ በላዩ ደመናው ከብዷል። የዚያ ዘመን ነጌቲቭ ለሰማያዊ ብርሃን ከሚገባው በላይ ስሜት ስለ ነበረው፥ ለባሕሩ የሚበቃ ብርሃን ሲሰጠው ሰማዩ ባዶ ነጭ ሆኖ ይቀር ነበር። ስለዚህ ለ ግሬ ባሕሩን በአንድ ነጌቲቭ፥ ሰማዩን በሌላ አንሥቶ በአንድ ወረቀት ላይ አጋጠማቸው። ፎቶግራፉ በ1999 ለንደን ላይ በሐራጅ ከ500,000 ፓውንድ በላይ ተሸጧል፤ በዚያን ጊዜ ለአንድ ፎቶግራፍ ይህን ያህል ተከፍሎ አያውቅም ነበር።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ማጋጠም ማታለል ነው ይላሉ። በእኛ አስተያየት ግን ፍርዱ በሁለት መከፈል አለበት። ለ ግሬ ሞገዱን አላሳደገም፤ ግድቡንም ከስፍራው አላነሣም። ግድቡ በስፍራው ስላለ ዓይን የሞገዱን ልክ ያገኛል፤ ልክም ካልታወቀ ፍርሃት አይኖርም። ሰማዩን የጨመረው የሰው ዓይን የሚያየውን፥ መስታወቱ ግን ያጠፋውን ለመመለስ ነው። እስከዚህ ድረስ ሥራው እውነተኛ ነው። ነገር ግን አንዱን የደመና ነጌቲቭ በተለያዩ ባሕሮች ላይ ደጋግሞ አትሞበታል፤ በ«ታላቁ ሞገድ»ም ደመናው ከአድማሱ ሲደርስ በድንገት ተቈርጦ ይታያል። ይህን ያስተዋለ ተመልካች ከባሕሩ ፊት ወጥቶ ወደ አታሚው ክፍል ይገባል፤ ግርማውም በዚያ ልክ ይላላል። ከዚህም የምንማረው፥ የጠፋውን የሚመልስ እጅ የተፈቀደለት መሆኑን፥ ያልነበረውን ፍርሃት የሚጨምር እጅ ግን ምስክርነቱን የሚያፈርስ መሆኑን ነው።

በዘመናችን የበዛው ስሕተት ሌላ ነው። የካሜራው ዓይን ለአንድ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ተከፍቶ ሲቈይ፥ የሚወርደው ውሃ እንደ ተባዘተ ጥጥ ለስልሶ ይወጣል። እንዲህ ያለው ፎቶግራፍ ለዓይን ደስ ይላል፤ በየግድግዳውም ይሰቀላል። ነገር ግን ድንጋይ የሚያንከባልለው ውሃ እንደ ጋቢ ለስልሶ ሲታይ ማን ይፈራዋል? በተቃራኒውም፥ ቅጽበቱ እጅግ ሲያጥር እያንዳንዱ ጠብታ እንደ መስታወት ስባሪ ደርቆ ይቀርና የውሃው ግሥጋሤ ይጠፋል። የሰው ዓይን ሁለቱንም አያይም። አስተዋይ ፎቶግራፍ አንሺ ክብደቱና ሩጫው አብረው የሚታወቁበትን መካከለኛ ጊዜ ይፈልጋል፤ ይህም ከመሣሪያው ዋጋ ይልቅ በውሃው አጠገብ በቈየበት ሰዓት ብዛት የሚገኝ ነው።

ለ ግሬ በ1860 ከአገሩ ወጥቶ ዕድሜውን የፈጸመው በካይሮ፥ ከናይል አጠገብ ነው። የዚያ ወንዝ የክረምት ሙላት የሚነሣው ከእኛ ምድር ስለ ሆነ፥ ነገራችንን ወደ ጢስ ዓባይ እንመልስ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ የሚወርደውን ይህን ፏፏቴ አባቶቻችን የጠሩት በውሃው ሳይሆን ውሃውን በሚሸፍነው ጢስ ነው። በርክ ተሸፍኖ የሚታየው ይበልጥ ያስፈራል ያለውን፥ እነርሱ በስሙ ውስጥ አኑረውታል። ይሁን እንጂ በካላንደርና በፖስት ካርድ የሚታተሙት አብዛኞቹ ፎቶግራፎች ጢሱን ሸሽተው፥ ከፊት ለፊት፥ በጠራ ሰማይ፥ ከቀስተ ደመና ጋራ የተነሡ ናቸው። አንድ ሰው ወይም አንድ ዛፍ እንኳ በአጠገቡ አይታይምና ፏፏቴው አምስት ሜትር ይሁን አምሳ ሜትር አይለይም። በቀድሞው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይም ታትሞ ስለ ነበር፥ ፏፏቴውን በዓይኑ ያላየ ኢትዮጵያዊ ሁሉ መልኩን ያውቃል፤ ግርማውን ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ከዚህም የሚከብድ ጉዳይ አለ። በ1964 የመጀመሪያው፥ በ2001 ደግሞ ከእርሱ እጅግ የሚበልጠው ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከተሠራ ወዲህ፥ ከፏፏቴው በላይ ያለው ውሃ ወደ ማመንጫዎቹ ስለሚወሰድ፥ በበጋ ወራት ሰፊው ገደል ብዙ ጊዜ ጥቂት ውሃ ብቻ ሲወርድበት ታይቷል። መብራት ለአገር የሚያስፈልግ ነውና በዚህ ላይ ክርክር አናነሣም። የምንከራከረው ከፎቶግራፉ ጋራ ነው። የነሐሴን ሙላት አንሥቶ ወሩን ሳይጽፍ የሚያትም ሰው፥ በየካቲት የሚመጣውን እንግዳ ያታልላል፤ እኛም አገራችንን እንደ ነበረች እንጂ እንዳለች እንዳናያት ያደርገናል። ጥቁሩ ገደል ከነስፋቱ፥ ቀጭኑ ውሃ፥ ውሃውን የሚያዞረውም የሰው ሥራ በአንድ ፎቶግራፍ ቢታዩ፥ በእኛ አስተያየት ይህ ከቀስተ ደመናው ይልቅ ወደ ግርማ የቀረበ ይሆናል። ካንት አእምሮ ለተፈጥሮ ኃይል አይገዛም ብሎ ነበር፤ እዚህ ግን የሰው እጅ ያንን ኃይል ገዝቶት እናያለን፤ ፍርሃታችንም ከውሃው ወደ ራሳችን ይመለሳል።

ስለዚህ ወጣት ፎቶግራፍ አንሺዎቻችንን የምንለምነው ሦስት ነገር ነው፤ የውሃው ልክ የሚታወቅበትን አንድ ነገር በፎቶግራፉ ውስጥ እንዲተዉልን፥ ጢሱን እንዳይሸሹ፥ ከፎቶግራፉም በታች ወሩንና ዓመቱን እንዲጽፉ ነው። ይህን ያደረጉ እንደ ሆነ፥ ሥራቸውን አይተን «ግሩም» ስንል ቃሉን በሙሉ ትርጓሜው እንናገረዋለን።