«ለምን ቢሉ» የሚሉት እነማን ናቸው?
(ስለ ወንጌል ትርጓሜ መጽሐፍ)

በ1916 ዓ. ም. በአዲስ አበባ የታተመው የወንጌል ቅዱስ ንባብና ትርጓሜ የአንድ ደራሲ ድርሰት አይደለም። መምህር ለደቀ መዝሙሩ፥ ደቀ መዝሙሩም ተራው ደርሶ ወንበር ሲዘረጋ ለሌላው በቃል ሲያቀብለው የኖረ የጉባኤ ቃል ነው። የሚያመሰግኑትም የሚነቅፉትም ብዙ ጊዜ ስለ ምሥጢሩ ብቻ ይናገራሉ፤ ስለ አነጋገሩ ግን ዝም ይላሉ። የመጽሐፉ ትልቁ ነገር ግን ያለው ባነጋገሩ ነው።

ትርጓሜው ነገሩን ሲያስረዳ «ለምን ቢሉ» ብሎ ይነሣል። ጠያቂው አንድ ተማሪ ቢሆን «ለምን ቢል» በተባለ ነበር፤ ጠያቂዎቹ ግን ብዙ ናቸው። የጠያቂው ስም ጠፍቶ ጥያቄው ብቻ በጉባኤው ቀርቷል፤ ኋላ የመጣውም ተማሪ ጥያቄውን ከነመልሱ ይቀበላል። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በ1ኛው መልእክት፥ በ15ኛው ምዕራፍ፥ ያስተማረው ራሱ የተቀበለውን እንደ ሆነ ይናገራል፤ የጉባኤው ሥርዐትም ይኸው ነው። «አንድም» የሚለው ቃል ደግሞ ሁለተኛውን ፍች ሲያመጣ ፊተኛውን አያፈርስም። በጎንደር የላይ ቤትና የታች ቤት ተብለው የተለያዩት መምህራን ባንዳንድ ንባብ ፍች ሳይስማሙ ባንድ ጸሎት የኖሩት በዚች በትንሽ ቃል ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

መቀበሉም ካገር ውስጥ አይቆምም። ሮጀር ካውሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1983 እና በ1988 በታተሙት መጻሕፍቱ፥ ብዙ ፍች ከሶርያና ዐረብኛ ከሚናገሩ ክርስቲያኖች ትርጓሜ ጋራ እንደሚዛመድ አሳይቷል። ስለዚህ «የኛ ብቻ ነው» የሚለው ምስጋና መጽሐፉን ያሳንሰዋል እንጂ አያከብረውም።

ነቀፋ የሌለበት ግን አይደለም። አንዳንዱ አንድም ለቍጥር የተጨመረ ይመስላል፤ ጽኑውና ደካማው ፍች ባንድ መስመር ተሰልፎ ይገኛል። በጉባኤ ሳለ መምህሩ ድምፁን ከፍና ዝቅ አድርጎ፥ አንዱን ፈገግ ብሎ አልፎ፥ በሌላው ላይ ቆሞ ይለየው ነበር። ይህን ማተሚያው አላተመውም። መጽሐፉን ገዝቶ በቤቱ ለብቻው የሚያነብ የከተማ ሰው ቃሉን ሁሉ አግኝቶ ሚዛኑን ሊያጣ ይችላል። ይህም ጕዳት በኅዳግ ማስታወሻ ብዛት አይጠገንም። ጥቂት ሰዎች በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበው፥ ከጉባኤ ቤት የወጣ መምህር ባለበት፥ ድምፅ አሰምተው ቢያነቡት ይሻላል፤ የሚጠይቅም አይታጣም።