የቴሌቪዥኑ ኮሎኔል

ባለፈው እሁድ ጎረቤቴ ሃምሳ አለቃ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ሃምሳ አለቃ የምላቸው መንደሩ ሁሉ እንዲያ ስለሚላቸው ነው፤ የአባታቸውን ስም የሚያውቀው የዕድሩ መዝገብ ብቻ ነው። በ1983 ዓ.ም. ያ ሁሉ ሠራዊት ሲበተን እሳቸውም አብረው ተበተኑ፤ ማዕረጉ ግን ከስማቸው ላይ ሳይወርድ ቀረ።

ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ድራማ ጀመረ። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለምና። አንድ የመቶ አለቃ የኮሎኔሉን ቢሮ በር በርግዶ ይገባል፤ የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ይልና «ስማ ኮሎኔል፣ ይሄ ነገር አልጣመኝም» ይላል። ኮሎኔሉ ብድግ ብሎ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጠዋል። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። ኮሎኔሉ ለመቶ አለቃው!

ሃምሳ አለቃ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ይሄ ልጅ እኛ ጋ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ታስሯል» አሉ። ትንሽ ቆይተው ጨመሩበት፦ «ኮሎኔሉም አብሮት»።

ሳቅን። ቤቴ ስመለስ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እስቲ እንነጋገርበት።

መቼም ሁላችንም የምናውቀው ነገር አለ፤ ሰላምታ የሚጀምረው የበታቹ ነው፤ አለቃው እስኪመልስ እጁን አያወርድም፤ ተቀመጥ ሳይባል አይቀመጥም። በአማርኛችን ደግሞ ሌላ አጥር አለን፤ «አንተ» እና «እርስዎ» የሚባል። የእኛ ወታደር ማዕረግን በትከሻው ብቻ ሳይሆን በግሡም ይሸከማል። በድራማዎቻችን ግን ይሄ ሁሉ ተደበላልቋል። የበታቹ አለቃውን አንተ ይላል፤ አለቃው ተራ ወታደሩን አንቱ ይላል። ኮሎኔል የሚያህል ሰው ስምንት ሰው አስከትሎ ጫካ ለጫካ ይሮጣል። ስምንት ሰው ለመምራት እኮ አስር አለቃ በቂ ነው፤ ስሙ ራሱ ይናገራል።

የማዕረግ ስሞቻችን ቆጠራ ናቸው፤ አስር፣ ሃምሳ፣ መቶ፣ ሻለቃው ደግሞ የሺህ አለቃ። ይህን የመሰለ ቋንቋ እያለን በትርጉም የሚቀርቡት የውጭ ድራማዎች ሻምበሉን «ካፒቴን»፣ የመቶ አለቃውን «ሌተናንት» ይሉብናል። በተለይ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ የቱርክ ድራማ በአማርኛ እየተነገረ ቤታችን ከገባ በኋላ ይሄ ነገር ጆሯችንን ለምዷል። ካፒቴን ሲባል የአውሮፕላን አብራሪ ነው የሚታየኝ። «ኮማንደር» ሲባል ደግሞ የፖሊስ ማዕረግ ነው የምሰማው፤ ከኢንስፔክተር በላይ ያለው። የእኛዎቹም ደራሲዎች ከዚያው እየቀዱ ለጦሩ ኮማንደር፣ ለፖሊሱ ኮሎኔል ይሰጣሉ። ለነገሩ በቀድሞው ጊዜ ፖሊሱም ሻምበልና ኮሎኔል ነበረው፤ ድራማው የዚያን ዘመን ታሪክ የሚያወራ ከሆነ ልክ ነው። የዛሬውን ከሆነ ግን ልክ አይደለም። ልዩነቱን ለማወቅ አንድ ፖሊስ ጠይቆ መመለስ ነው።

ወደ ንግግሩ ስንመጣ ደግሞ የባሰ ነው። የድራማው ወታደር ምሽግ ውስጥ ከጓደኛው ጋር ሲያወጋ እንደ ዜና አንባቢ ነው፤ «ጠላትን ድባቅ መትተን ግዳጃችንን በድል እንወጣለን» ይላል። ወይም ደግሞ የፒያሳ ልጅ ይሆንና «ፍሬንድ፣ አትጨናነቅ» ይላል። እኔ የማውቃቸው ወታደሮች ስለ ድል ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። የሚያወሩት ጥርስ ስለሚሰብረው ኮቾሮ ነው፤ እግር ስለሚልጠው ከስክስ ጫማ ነው፤ ስለቀረው ፈቃድ፣ ከእናት ስለመጣው ደብዳቤ፣ ስላልደረሰው ደመወዝ ነው። አማርኛቸውም አንድ ዓይነት አይደለም። ከወለጋ፣ ከወላይታ፣ ከጎጃም፣ ከትግራይ የመጣው ሁሉ የራሱን ቃና ይዞ ይገባበታል። የድራማው ሻለቃ ጦር ግን በሙሉ ቦሌ የተወለደ ነው የሚመስለው።

«ታዲያ ምን አለበት? ድራማ እንጂ የውትድርና ማሠልጠኛ አይደለም» የሚሉኝ አይጠፉም። እውነት አላቸው፤ የሰላምታውን ማዕዘን በመለኪያ አልለካም። አዘጋጆቹም ችግር አለባቸው፤ ልብሱ እንደ ልብ አይገኝም፣ ቦታው ፈቃድ ይፈልጋል፣ ገንዘቡም የለም። እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም። አንድ ጊዜ አንድን ሻለቃ በጽሑፌ «ሻምበል» ብዬ ጠርቼ፣ ሰውዬው ስልክ ደውለው «ልጄ፣ በአንድ መስመር ማዕረጌን ገፈፍከኝ» ብለውኛል። እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ግን ማዕረጉ ሲበላሽ ታሪኩም አብሮ ይበላሻል። የ1966ቱን ነገር አስቡት። በዚያ ዓመት ሰኔ ወር የተቋቋመው ደርግ ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ባሉ ሰዎች የተሞላ ነበር። መስከረም 1967 ላይ ሌተናል ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ሊቀ መንበር ሆኑ፤ ከሥራቸው ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ነበሩ። ኅዳር ላይ ጄኔራሉ ተገደሉ። የዚያን ጊዜ ድንጋጤ ዋናው ነገሩ ይሄ ነው፤ ትናንት ተጠንቀቅ ብሎ የሚቆመው ሻለቃ ዛሬ በጄኔራሉ ላይ ሲወስን። እንግዲህ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ሁሉም ሁሉንም አንተ የሚልበት ድራማ ይህን ድንጋጤ በምን ያሳየናል? ያልተሠራ አጥር ሲፈርስ ማን ያያል? በተቃራኒው ደግሞ የጫካውን ታጋይ «ኮሎኔል» እያለ የሚጠራ ድራማ አይቻለሁ። ታጋዩ በትግሉ ዘመን ማዕረግ አልነበረውም፤ ኩራቱም እሱው ነበር። ማዕረግ የመጣው መንግሥት ከሆነ በኋላ ነው።

በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ሲያሳትም የጻፈው አሥመራ ሄዶ በቅርብ ስላየው ዘመቻ ነው። ደፋርነቱን ሁላችንም እናነሳለን፤ ቀርቦ ማየቱን ግን እንረሳለን። የጎደለን ይሄ ነው፤ ቀርቦ ማየት።

ሁለተኛው ነገር የባሰ ያሳዝነኛል። በድራማዎቻችን ሃምሳ አለቃ ማለት የሀብታም ቤት ዘበኛ ነው። ኮቱ ሰፊ፣ ፉጨቱ ብዙ፣ ለገባ ለወጣው ሁሉ ሰላምታ የሚሰጥ ማሳቂያ። እውነት ነው፤ ከ1983 በኋላ ብዙዎቹ ዘበኛ ሆነዋል፤ ዘበኝነት ያላገኙት ደግሞ መንገድ ላይ ለምነዋል። ይህ ግን ቀልድ አይደለም፤ ሰውዬው በር ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ከቀድሞ ሕይወቱ የተረፈው ያ አቋቋም ስለሆነ ነው። ይህን የሚያሳይ አንድ ትዕይንት ብናይ ስንት ሳቅ በተረፈልን።

ይህን የምለው ስለ ድሮ ሰዎች ብቻ አይደለም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ድረስ በሰሜኑ ጦርነት ስንቱ ቤት ልጁን እንደላከ፣ ስንቱም እንዳልተመለሰለት እናውቃለን። ቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጠችው እናት ልጇን ትፈልጋለች፤ አነጋገሩን፣ አካሄዱን፣ ጫማውን። የምናሳያት ግን ለአንድ ቀን ልብስ የተከራየ ሰው ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በየሰፈሩ ጡረተኛ ሻምበል፣ ተመላሽ አስር አለቃ ሞልቷል። ድርሰቱ ከመቀረጹ በፊት አንዱን ጠርቶ ማስነበብ፣ አበሉንም መክፈል። ሐኪም ያለበት ድራማ ሐኪም ያማክራል አይደል?

ድራማው ሲያልቅ ሃምሳ አለቃን «ታዲያ ለምን ያዩታል?» አልኳቸው።

«አንድ ቀን ልክ ያደርጉት ይሆናል ብዬ ነዋ» አሉና ሦስተኛውን ቡና አቀበሉኝ።